ሰፈር ሲዘፈንና ሰፈር ሲታፈስ

(ከዚህ በታች የምታነቡት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ወላጆች የቀረበ ንግግር ነው። የተደጋገመውን ቀንሰን፣ ተናጋሪው በቃሉ ያከለውን ጨምረን እንዲህ አቅርበነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



የጠሩኝ ልጆች «ስለ ሂፕ ሆፕ ትንሽ ብትነግረን» ነው ያሉኝ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ክራር ብትሰጡኝ የምሰቅልበት ሚስማር ነው የምፈልገው። (ሳቅ) ሥራዬ ጋዜጣ ላይ መጫጫር ነው፤ እሱም ቋሚ ቅጥር የለውም። ጽሁፌ የወጣ ሳምንት ምሳ አለ፤ ያልወጣ ሳምንት እናቴ ቤት ምሳ አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ወደ በኋላ ስለ አንድ አዋጅ እናወራለን፤ አዋጁ መተዳደሪያው ስለማይታወቅ ሰው የሚናገረው ነገር አለው፤ ያኔ ትጠቅመናለች።

ነገሬን ከአንድ ካሴት ልጀምር።

እኔ የአሥራ አራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ማለትም በ1996 እና በ1997 ዓ.ም.፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ከአንድ ሱቅ ጎን ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ። የሰፈር ጎረምሳ ማታ ማታ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከእነሱ አንዱ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ አደባባይ ላይ ስሜን አንሳልኝ አላለኝም። እኛ ትንንሾቹ «ታላቄ» ነበር የምንለው። ታላቄ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ጥሎለት የሄደ ካሴት ነበረችው። ሽፋኗ ላይ የአንድ ሕፃን ልጅ ፊት፣ ከፊቱ ጋር ተደርቦ ደግሞ ጎዳናና ሕንጻ ይታያል። ሰዉ ሁሉ የሚሞትለትን የቱፓክን ካሴት ትቶ እሷን ነበር ሌት ተቀን የሚያዳምጣት። ክሯ እየተጎተተ በእስክሪብቶ ስንት ጊዜ ተጠንጥና ከሞት እንደተነሳች እኔ ምስክር ነኝ።

ይተረጉምልን ነበር። እንግሊዝኛው ከእኛ ብዙም አይሻልም፤ ሩቡን ይሰማል፣ የቀረውን ከራሱ ይጨምራል። በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ግጥሙን ፈልጌ ሳነበው፣ ታላቄ ከተረጎመልን ውስጥ ግማሹ ጭራሽ የለም! (ሳቅ) የሚገርማችሁ ግን ፍሬ ነገሩን አልሳተም። «ይሄ ልጅ ሰፈሩን ነው የሚቆጥረው» ይለን ነበር። «ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ደረጃው ላይ እንደሚቆም ነው የሚያወራው። እኛስ የእኛን ብናወራ?»

ካሴቷ «ኢልማቲክ» ትባላለች። ባለቤቷ ናስ፣ ሙሉ ስሙ ናሲር ጆንስ፣ አልበሙ ሲወጣ የ20 ዓመት ልጅ ነበር። የወጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ነው፤ እኛ ጋ 1986 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሥር ቁራጭ፣ ጠቅላላው አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን የተወ ልጅ የሠራው ነገር ነው። «ዘ ሶርስ» የሚባለው የሂፕ ሆፕ መጽሔት ሙሉ ነጥብ፣ አምስት ማይክራፎን ሰጠው። ገበያው ግን እንደ ነጥቡ አልነበረም፤ አንድ ሚሊዮን ቅጂ መሸጡ የተመሰከረለት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ምን ሆነ? የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለሀገር ቅርስነት ይጠበቁልን ብሎ ከሚያስቀምጣቸው ድምፆች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ቦዘኔ የተባለ የሰፈር ልጅ ድምፅ ከፕሬዚዳንቶች ንግግር ጎን ተቀመጠ።

ያደገበት ሰፈር ኩዊንስብሪጅ ይባላል። ታላቄ «የንግሥት ድልድይ ማለት ነው፤ እንደ እኛ ሃና ማርያም ድልድይ» ብሎ ነበር የተረጎመልን። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ነው፤ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ብሎ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያሠራው የኪራይ ቤት ነው። ባለ 6 ፎቅ የሆኑ 96 ሕንጻዎች፣ ከ3,000 በላይ መኖሪያዎች፣ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የመንግሥት ቤቶች መንደር። ሲሠራ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ሊፍቱ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ እንዲቆም ነበር የተደረገው። ከጀሞ የመጣችሁ አላችሁ? ... አዎ፣ ያው እንደምታዩት እጁን ያወጣው ብዙ ነው። እናንተ በጄሪካን ውኃ ተሸክማችሁ አራተኛ ፎቅ ድረስ ነው የምትወጡት፤ በየአንድ ፎቁ የሚዘል ሊፍት ቀርቶ ሊፍት የሚባል ነገር አልተሠራላችሁም። (ሳቅ) አሜሪካም ሆነ አዲስ አበባ፣ ለድሃ ቤት ሲሠራ የሚቆጠበው ከድሃው ጉልበት ላይ ነው።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ክራክ የሚባለው ዕፅ ሲገባ ያ መንደር የተኩስ መንደር ሆነ። ናስ ኢል ዊል የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረው፤ ሙዚቃውንም አብረው ነበር የጀመሩት። በሜይ 1992 እዚያው ሰፈር በጥይት ተገደለ። የናስ ታናሽ ወንድምም በዚያው ሌሊት ተመትቶ በሕይወት ተረፈ። አልበሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትሰሙት ፉከራው እንዳያታልላችሁ፤ ከሥሩ ለቅሶ አለበት።

አሁን አንዲት ዘፈን ላይ ልቆይባችሁ ነው፤ ታገሡኝ። «ዋን ላቭ» ትባላለች። አሠራሯ እንደ ደብዳቤ ነው። ልጁ ለታሰሩ ጓደኞቹ ይጽፋል። ምን ይጽፋል? ፖለቲካ አይተነትንም፣ «አይዞህ ፍትሕ ይሰፍናል» አይልም። የሰፈር ወሬ ነው የሚጽፈው። ልጅህ ተወለደ፣ አንተን ይመስላል ይለዋል። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ከዳህ፣ ማን ይጠይቅሃል፣ ማን አይጠይቅህም... በመጨረሻ ደግሞ ደብዳቤው ያልቅና ደራሲው ራሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጦ ሲያወራ እናገኘዋለን። ልጁ ዕፅ ይሸጣል። ታላቁ ሊመክረው ይሞክራል፤ ምክሩ ግን ካህን ከሚሰጠው ምክር የተለየ ነው፤ እንዴት ሳይሞት እንደሚያመሽ ነው የሚመክረው። ዘፈኑን ስሰማ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ቦታ ነው። ልጁን አያድነውም። አዳንኩት ብሎም አይዋሽም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሳችሁ እናቶች አላችሁ። ወረፋው ላይ ቆማችሁ፣ እንጀራው ተገላብጦ ሲፈተሽ አይታችሁ፣ ከሽቦው ወዲያ ልጃችሁን አግኝታችሁ ምን ነበር የምታወሩት? ስለ ሕገ መንግሥቱ ነበር? አልነበረም። «የእነ እገሌ ላም ወለደች፣ ያች ጎረቤታችን ታመመች፣ ታናሽህ ፈተና አለፈ» ነው። ያ ወሬ ነው እስረኛን በሕይወት የሚያቆየው። ናስ ይህንን ወሬ ነው ዜማ አድርጎ የሸጠው። ይህንን ለማወቅ አሜሪካ መወለድ አያስፈልግም።

«ባዕድ ነው፣ ሱሪ ዝቅ ማድረግ ነው፣ የእኛ ባህል አይደለም» የምትሉ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጋሼ ከፊት የተቀመጡት ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ እያየሁ ነው። (ሳቅ) የሱሪውን ነገር ላንከራከር፤ እኔም አልወደውም። የአፉን ነገር ግን እስቲ ጋሼ ይፍረዱኝ። ፉከራ ምንድን ነው? ቀረርቶ ምንድን ነው? ሰው በምት ላይ ቆሞ፣ ቃል በቃል ላይ እየደረበ፣ «እኔ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ከዚህ ወንዝ ማዶ» የሚልበት አይደለም? አዝማሪ እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ እዚያው የሚገጥምበትን ነገር የኒው ዮርክ ልጆች «ፍሪስታይል» አሉት እንጂ እነሱ አልፈጠሩትም። ላሊበላዎችስ? ጎህ ሳይቀድ በራችሁ ላይ ቆመው ስማችሁን በዜማ እየጠሩ ካልሰጣችሁ የማይሄዱት? ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አጋብቶ «ጉራጌ ቶን» ሲል ሰዉ ሠርግ ቤት ሁሉ የጨፈረው ባዕድ ስለሆነበት አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የናስ አባት ኦሉ ዳራ የጃዝ ተጫዋች ነው፤ «ኢልማቲክ» ውስጥ በአንዱ ዘፈን መጨረሻ ላይ ኮርኔት የሚነፋው እሱ ነው። ማለት ልጅየው ከአባቱ አልተጣላም፤ አባቱን ጠርቶ አልበሙ ውስጥ አስቀመጠው። ይኸው ናስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቦብ ማርሊ ልጅ ከዴሚየን ጋር ሆኖ አንድ አልበም አወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን ምት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከሠራው «የግሌ ትዝታ» ነው! እኛ ቤት አቧራ የለበሰውን ሸክላ እነሱ አራግፈው ዓለምን አስጨፈሩበት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? የእኛ ልጅ ከኢንተርኔት የቱርክ ድራማ ሙዚቃ ቆርጦ ራፕ ይሠራበታል፤ የኩዊንስብሪጁ ልጅ ሙላቱን ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። (ጭብጨባ)

ስደት ስላደረሳቸው ልጆቻችንም በአጭሩ። ቶሮንቶ ውስጥ ስካርቦሮ የሚባል የስደተኛ ሰፈር ያደገውን አቤል ተስፋዬን ታውቁታላችሁ፤ ዓለም ዘ ዊክንድ ይለዋል። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፣ ያሳደገችው አያቱ ናት። በ17 ዓመቱ ትምህርቱንም ቤቱንም ጥሎ ወጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣት የመጀመሪያዋ ሥራው «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ራፕ አይደለችም፤ ስለ ንጹሕ ኑሮም አታወራም፤ ልጆቻችሁ እንዲሰሟት ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ጓደኞቹ ጋር ተከራይተው ይኖሩበት በነበረ አንድ ቤት ስም መሰየሟ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ልጁ የተነሳው ከአንድ በር ቁጥር ነው። በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ እንዲሰጥ 50,000 ዶላር ሰጠ። እኛ ግዕዝን ለሙት ቋንቋነት ስንዳርገው ማለት ነው።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ ኤርምያስ አስገዶም ነበር፤ ኒፕሲ ሃስል። አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ የወንድም ልጅ ብንለው ማንም አይቆጣንም። ክሬንሾው በሚባል የወሮበላ ሰፈር አድጎ እሱም ከወሮበሎቹ ጋር ውሎ ያውቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. በሰፈሩ ስም የጠራትን ሥራ 1,000 ቅጂ ብቻ አሳትሞ እያንዳንዷን በ100 ዶላር ሸጠ። ዕብድ ነው አሉት፤ ተሸጠች። በገንዘቡ ወጥቶ ወደ ሀብታም ሰፈር አልሄደም፤ እዚያው ስላውሰን የሚባለው ጎዳና ላይ ሱቅ ከፈተ። ማርች 31 ቀን 2019 እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ የሰፈሩ ሰው ገደለው። ይህንን ታሪክ ለማሳመር የሚሞክር ሰው ሲገጥማችሁ አትስሙት። ሰፈር ይወልዳል፣ ሰፈር ይገድላል፤ ሁለቱንም የማይናገር ዘፈን ግማሽ ዘፈን ነው።

አሁን ወደ አዋጁ።

ያቺን የምሳዬን ነገር ይዛችሁልኛል? በ1996 ዓ.ም. አንድ ፓርላማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር አወጀ። አንደኛው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። ሁለተኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሁለተኛው ለገጣሚው፣ ለዘፋኙ፣ ለደራሲው ጥላ ያዘ። የመጀመሪያው ደግሞ ገጣሚው ገና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሊለቅመው መጣ። ለመሥራት አቅም እያለው የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለው፣ መንገድ ላይ የሚውል፣ እንዲህ የሚያደርግ፣ እንዲያ የሚያደርግ... ይላል። በዚህ የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም። ዋስትና የለውም! ሰው ሰርቆ በዋስ ይወጣል፤ ቁጭ ብሎ የተገኘ ግን አይወጣም። እንግዲህ ጽሁፌ ያልወጣበት ሳምንት እኔ ማን ነኝ? (ሳቅ)

አትሳቁ። እኔም አሁን ነው የሳቅኩት፤ ያኔ አልሳቅኩም።

ምርጫ 97ን ተከትሎ ከተማዋ ስትታመስ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አፈሳ መጣ። እኛ ሰፈር የመጣው ማታ ነው። ከድንጋዮቹ ላይ የነበሩትን እንዳሉ ጭነው ወሰዷቸው፤ ታላቄም አብሮ ተጫነ። እኔ ዳቦ ልገዛ ተልኬ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ፤ ባለሱቁ በመደርደሪያው ሥር ጎትቶ ደበቀኝ። ሁለት ወር ተኩል የት እንዳለ አልታወቀም። ድንጋይ ወርውሮ እንደሆነ ጠየቃችሁኝ? አልወረወረም፤ እኔ አውቃለሁ፤ ደብተር ይዞ ነበር የተቀመጠው። ያን ቀን ግን ደብተሩ ቤት ነበር።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ባለ 100 ገጽ፣ ጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። ውስጡ ሰፈሩ ነበር። ከቄራ ንፋስ ሲነሳ የሚመጣው ሽታ፣ ቀለበት መንገዱ ሰፈራችንን ሲሰነጥቀው ከወዲህ ማዶ የቀሩ ዘመዳሞች፣ መንገዱን ሲያቋርጡ መኪና የበላቸው ልጆች ስም በስም፣ ሌሊት ሌሊት የምትጮኸው ያች ሴትዮ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አረማመድ... ይህን ሁሉ በግጥም አሥሮ፣ በዚያች ካሴት ምት ላይ አስማምቶ ያነብልን ነበር። አሥራ አንድ ግጥም ደርሶ ነበር። እሱ «አንድ ቀረኝ» ይል ነበር።

እናቱ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደብተሩን ፈልገው ከሰል ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። ቤቱ ሲፈተሽ እንዳይገኝበት ብለው። እትዬን አልወቅሳቸውም፤ ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው የጻፈው ነገር ያስገድለው ወይም ያድነው እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ልጃቸውን መረጡ። ቤቱን ማንም አልፈተሸውም።

ታላቄ ተመለሰ። ከስቶ፣ ተላጭቶ። ስለ ደብተሩ ሲነግሩት «ደግ አደረግሽ» ነው ያላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም። ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል። ባለፈው ሰሞን ተሳፈርኩበትና «ያቺ ካሴትስ?» አልኩት። «ማጫወቻው የለም እኮ» አለኝ፤ መንገዱን እያየ። ከሜክሲኮ እስከ ጎፋ ሬዲዮ አልከፈተም።

እንግዲህ «ጎፋ አልበም የለውም» ሲሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። ነበረው። ተቃጥሏል።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። ሁላችንም «ለውጥ መጣ» ብለን ሆ ባልንበት ሰሞን፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ከቡራዩው ግጭትና ከአዲስ አበባው ሁከት በኋላ ሺዎች ታፈሱ፤ ከ1,000 በላይ የሚሆኑ የአዲስ አበባ ወጣቶች ጦላይ ወደሚገኘው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተጫኑ። ፍርድ ቤት አላዩም። «ተሃድሶ» ነው ተባለ። አንድ ወር ያህል ቆይተው በጥቅምት ተለቀቁ። መንግሥት ይለወጣል፣ የወንበሩ ጨርቅ ይለወጣል፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ጎረምሳ የሚያዩበት ዓይን ግን አይለወጥም።

ለነገሩ አፍን መፍራት የኛዎቹ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኮምፕተን የሚባል ሰፈር ልጆች፣ ኤን ደብሊው ኤ የሚባሉት፣ ፖሊስን የሚሳደብ ዘፈን ያለበት አልበም ሲያወጡ አንድ የኤፍ ቢ አይ ሹም በ1989 ለአሳታሚያቸው የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈ። ምን ሆነ? ደብዳቤው የአልበሙ ነፃ ማስታወቂያ ሆነ። ግራዚያኒ ደግሞ ደብዳቤ አልጻፈም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ከሀገር አገር እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ንግርተኞችን እየያዙ እንዲገድሏቸው አዘዘ። ፋሺስቱ ምን ገባው? መድፍ ያለው ጦር ጫካ ውስጥ ነው፤ ወሬውን ከገበያ ገበያ የሚያዞረው ግን ማሲንቆ የያዘው ነው። ሰውዬው ጨካኝ እንጂ ሞኝ አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ይሄ የተቀመጥንበት ሰፈር ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ልጅ አለ? ... የለም? «ንፋስ ስልክ» ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው። ድምፅ በአየር የሚሄድበት የሬዲዮ ጣቢያ የተተከለው እዚህ ስለነበረ አባቶቻችን «የንፋስ ስልክ» አሉት፤ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። ከዚህ ተነስቶ የኢትዮጵያ ድምፅ ባሕር ይሻገር ነበር። አሁን እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ የንፋስ ስልክ አለ፤ ጠብቃችሁ የምትልኩበት ግን የሌላ አገር ልጅ ሲጨፍር ነው።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁና ወደ ሥራው እንግባ። ሰፈር ይፈርሳል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ሃና ማርያምና ቀርሳ ኮንቶማ፣ «ሕገወጥ» የተባሉ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ሰዉ በክረምት ላስቲክ ወጥሮ አድሯል። በ2016 ፒያሳ ፈረሰች፤ በ2017 ካዛንቺስ። ስንት ዓመት ጃዝ የተጫወቱበት፣ ጠጅ የጠጡበት፣ አዝማሪ የሰሙበት ሰፈር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሣርና መብራት ሆነ። መንገዱ አላማረም አላልኩም፤ አምሯል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ነገ ለልጁ «እዚህ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ግድግዳ ከሌለ፣ ምን ያሳየዋል? የናስን ሰፈር እኔ ሄጄ አላየሁትም፤ ግን ደረጃውን አውቀዋለሁ፣ አግዳሚ ወንበሩን አውቀዋለሁ፣ ባቡሩ በየት በኩል እንደሚጮህ አውቃለሁ። ካዛንቺስን ያላየ የኒው ዮርክ ልጅ ስለ ካዛንቺስ ምን ያውቃል? እሱስ ይቅር፤ የጎፋ ልጅ ስለ ላፍቶ ምን ያውቃል?

እና ምን እናድርግ? ሦስት አራት ነገር ልበልና ማይኩን ልልቀቅ።

ስም ጥሩ። የምትጽፉት ነገር «ጌቶ፣ ጌቶ» እያለ ከኮምፕተን የተቀዳ ከሆነ የኮምፕተን ልጅ ከእናንተ ይሻላል። እናንተ ሽጉጥ የላችሁም፤ ስለ ሽጉጥ አትዋሹ። ያላችሁ ጄሪካን ነው፣ የሰልፍ ወረፋ ነው፣ ከሃና ማርያም እስከ ጀሞ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ መሄድ ነው፣ አረብ አገር ሄዳ አስከሬኗ የመጣ እህት ናት። ይህንን ነው ማንም ሊቀማችሁ የማይችለው።

ደግሞ ቅዱት። ያ የ410ን አዋጅ ነገር አንብቤላችኋለሁ። ሥራህ የራስህ ወጥ ፈጠራ ከሆነና በጽሁፍ ወይም በቅጂ ከተቀመጠ ጥበቃ ያገኛል ይላል። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የሚመዝንህም የለም። እስከ ዕድሜ ልክህ፣ ከሞትክም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾችህ። ነገር ግን በአፍህ ብቻ ያለ ነገር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ብለኸው ንፋስ የወሰደው ነገር፣ ለሕጉ የለም። ስለዚህ ስትሉ ቅዱ፤ ቀኑን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ ለእህታችሁ ስጡ፣ አንዱን ለጓደኛ። አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ለምን እንደምል ታውቃላችሁ።

ስቱዲዮ አለኝ የሚላችሁ ሰው ወረቀት ሲያመጣ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ጋሼን አስነብቡ። (ጋሼ፣ ሱሪውን ትተው ወረቀቱን ያዩላቸዋል አይደል? ... እግዚአብሔር ይስጥልኝ።)

እናቶቼ፤ ለእናንተ አንድ ልመና ብቻ ነው ያለኝ። ልጃችሁ ደብተር ላይ የማይገባችሁ ነገር ሲጭር ካያችሁ፣ እባካችሁ ከማንደጃችሁ በፊት አስነብቡት። ዝም ብሎ ለእናንተ ያንብብላችሁ። ክፉ ነገር ከሆነ ያኔ ትቆጡታላችሁ።

አዳራሹን እስከ 11 ሰዓት ነው የፈቀዱልን፤ አሁን ከ20 አልፏል። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው የእኔ መቅጃ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ንግግሬንም ሲቀዳ ነበር። አሁን አላጠፋውም። አንቺ ቀይ ሹራብ የለበስሽው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ነይ። መጀመሪያ ሰፈርሽን ተናገሪ፣ ከዚያ ቀኑን።